ዋናውን ባንድ ያዳነ የጎን ሥራ

በሴፕቴምበር 1997 የአሜሪካው ፕሮግሬሲቭ ሮክ ባንድ ድሪም ቲያትር «ፎሊንግ ኢንቱ ኢንፊኒቲ» የተሰኘ አልበሙን ለገበያ አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አልበሙ ብዙ የተለፋበት፣ ብዙ ክርክር የተነሣበት፣ አሳታሚው ኩባንያም እጁን ያስገባበት ሥራ ነበር። በዚያው ወር የባንዱ ድራመር ማይክ ፖርትኖይና ጊታሪስቱ ጆን ፔትሩቺ ከሌሎች ሁለት ሙዚቀኞች ጋር ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሚልብሩክ በምትባል ትንሽ ቦታ ስቱዲዮ ገቡ። አንድ ሳምንት ገደማ ሠርተውም ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሌላ አልበም ይዘው ወጡ። ቡድኑን «ሊኩዊድ ቴንሽን ኤክስፔሪመንት» አሉት፤ አልበሙም በማርች 1998 በዚሁ ስም ታተመ። የመጀመሪያው ዋና ሥራቸው፣ ሁለተኛው የጎን ሥራቸው መሆኑ ነው። ይሁንና ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት ለሚከታተል ሰው የድሪም ቲያትርን መንገድ የቀየረው በአንድ ሳምንት የተቀረጸው የጎን ሥራ ሆኖ ይታየዋል። አንጋፋ ሙዚቀኞች ከባንዳቸው ወጣ ብለው የሚሠሩትን አልበም እንደ ትርፍ ጊዜ ጨዋታ፣ አንዳንዴም እንደ ክህደት የመቁጠር ልማድ አለ። እኔ ግን እንዲህ ያለው ሥራ ዋናው ባንድ ያጣውን ነገር፣ ማለትም ነፃነቱን፣ መተማመኑንና የጎደለውን ሰው፣ ብዙ ሳይከስር ፈልጎ የሚያገኝበት ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ከዚህ አልበም የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ለነገሩ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ራሱ ለነጋዴ የማይመች ሙዚቃ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ኪንግ ክሪምሰን፣ የስ፣ ጀነሲስና መሰሎቻቸው ሮክን ከክላሲካልና ከጃዝ ጋር አዋሕደው፣ የሦስት ደቂቃውን ዘፈን ወደ አሥርና ሃያ ደቂቃ ወሰዱት፤ ምቱንም በየመሐሉ ይቀያይሩት ጀመር። ድሪም ቲያትር ይህን ወርሶ ከሄቪ ሜታል ጋር አጋባው። ፖርትኖይ፣ ፔትሩቺና የባስ ጊታር ተጫዋቹ ጆን ማያንግ የተገናኙት በ1985 ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ ሆኖ የተማረበት፣ በ2012ም የክብር ዶክትሬት የሰጠው ያው በርክሊ ማለት ነው። ባንዱ በ1992 ባወጣው «ኢሜጅስ ኤንድ ወርድስ» አልበም ውስጥ ያለው «ፑል ሚ አንደር» ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሆኖ ሳለ፣ ማንም ሳይጠብቀው በሬዲዮና በኤምቲቪ ተወደደ። ችግሩም ከዚያ ጀመረ፤ ኩባንያው አንድ ጊዜ የቀናው ነገር እንዲደገምለት ፈለገ። በ1994 የኪቦርድ ተጫዋቹ ኬቨን ሙር ለቀቀ። «ፎሊንግ ኢንቱ ኢንፊኒቲ» ሲታሰብ ደግሞ ባንዱ ሁለት ዲስክ የሚሞላ ሥራ ቢያዘጋጅም ኩባንያው አልተቀበለውም፤ ከነቦን ጆቪ ጋር ዝነኛ ዘፈኖችን በመጻፍ የሚታወቀው ዴዝመንድ ቻይልድ ተጠርቶ አንዱን ዘፈን ከፔትሩቺ ጋር እንደገና እንዲጽፈው ተደረገ። በዚያ ዘመን ፖርትኖይ ባንዱን ጥሎ ለመሄድ ተቃርቦ ነበር። አድማጭ ያልናቃቸው፣ ኮንሰርታቸው የማይራቆት፣ ግን በገዛ ቤታቸው የመወሰን ሥልጣን ያጡ ሰዎች ነበሩ።

የጎን ሥራው ሐሳብ የመነጨው ከሙዚቀኞቹ አልነበረም። ማግና ካርታ የተባለ፣ በፕሮግሬሲቭ ሮክ ላይ ያተኮረ አነስተኛ አሳታሚ ፖርትኖይን የምትመኛቸውን ሰዎች ሰብስብና አልበም ሥራልን ይለዋል። ፖርትኖይም ለኪቦርድ ጆርዳን ሩደስን፣ ለባስ ቶኒ ሌቪንን መረጠ። ለጊታር ግን ፔትሩቺን መጥራት አልፈለገም ነበር፤ ከድሪም ቲያትር ሁለት ሰው ከገባበት ሥራው ከባንዱ ጋር መነጻጸሩ አይቀርም ብሎ ፈራ። ሌሎች ጊታሪስቶችን ጠይቆ ሳይመቻቸው ሲቀር ነው ወደ ጓደኛው የተመለሰው። ሩደስ በዘጠኝ ዓመቱ ጁሊያርድ ገብቶ ክላሲካል ፒያኖ የተማረ ሰው ነው። በ1994 ሙር ሲለቅ ድሪም ቲያትር ጠርቶት አንድ ኮንሰርት አብሮ ከተጫወተ በኋላ ሌላ ሥራ መርጦ ነበር። ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ሌቪን ያን ጊዜ 51 ዓመቱ ነበር፤ ከ1977 ጀምሮ ከፒተር ጌብሪየል ጋር፣ ከ1981 ጀምሮ ከኪንግ ክሪምሰን ጋር የተጫወተ፣ በጆን ሌነን «ደብል ፋንታሲ» ላይም ባስ የያዘ ሰው ነው። የሌቪንን ጠባይ ለመረዳት አንድ ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። «ቢግ ታይም» የተባለውን የጌብሪየል ዘፈን ሲቀርጹ ድራመሩ ጄሪ ማሮታ በከበሮ ዱላ የባሱን ክር ይመታ፣ ሌቪን ደግሞ በግራ እጁ ኖታውን ይይዝ ነበር። ያንን ድምፅ በኋላ መድረክ ላይ ብቻውን ማውጣት ሲቸግረው፣ ጌብሪየል ባቀረበው ሐሳብ፣ ተቆርጠው ያጠሩ የከበሮ ዱላዎችን በሁለት ጣቶቹ ላይ አጥልቆ ክሩን መምታት ጀመረ። ለብዙ ዓመታት በሙያው ከተከበረ በኋላ በጣቱ ላይ እንጨት አጥልቆ እንደ ጀማሪ ለመለማመድ የማያፍር ሰው ነው ወደ ሚልብሩክ የመጣው።

በዚያ ሳምንት የሆነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ክርክር ዋናው ነው። አራቱ ሰዎች ከሞላ ጎደል ባዶ እጃቸውን ገብተው እዚያው ፈጥረው፣ እዚያው ቀረጹ። የሚጠበቅ የሬዲዮ ዘፈን የለም፤ የቀደመ አልበም የለም፤ «ይሄ የእኛ ድምፅ አይደለም» ብሎ የሚከራከር የባንድ ታሪክ የለም። ባይሳካላቸው አንድ ሳምንት ነው የሚባክነው። መክፈቻው «ፓራዳይም ሺፍት» ሲጀምር ጊታርና ኪቦርድ እኩል ተያይዘው በሚያስደነግጥ ፍጥነት ይሮጣሉ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ግን ሁሉም ቆም ይልና ዜማ ይመጣል። ዋናውን ነገር የሚያሳየው ግን ወደ መጨረሻው የተቀመጠው «ስቴት ኦፍ ግሬስ» ነው። ከበሮ የለውም። ፔትሩቺና ሩደስ ሁለቱ ብቻ ለአምስት ደቂቃ ያህል ዝግ ብለው ይጫወታሉ፤ አንዱ ሐረጉን ሲጨርስ ሌላው ካቆመበት ያነሣዋል፤ ማንም ማንንም አይቀድምም። ለብዙ ዓመት አብረው የኖሩ ሙዚቀኞች የሚጫወቱት ነው የሚመስለው። ሙዚቀኛን በአንድ ቀን ፈተና መመዘን ይቻላል፤ ጣቱ ይታዘዘው እንደሆነ፣ ኖታ ያነብ እንደሆነ ይታወቃል። ምንም ነገር ያልተጻፈበት ወረቀት ፊት አብረኸው ስትቀመጥ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን፣ ያንተን ሐሳብ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ የራሱ ሐሳብ ሲጣል ያኮርፍ እንደሆነ ግን ፈተና አይነግርህም። የጎን ሥራ ይነግርሃል።

ውጤቱም ብዙ አልዘገየም። አራቱ ሰዎች ሁለተኛውን አልበም ሲቀርጹ የፔትሩቺ ባለቤት የመውለጃዋ ሰዓት ስለደረሰ እሱ ሥራውን አቋርጦ ሄደ፤ የቀሩት ሦስቱም ስቱዲዮውን ዘግተው በመሄድ ፈንታ ያለ ጊታር መጫወት ቀጠሉ። ያ ቅጂ ከዓመታት በኋላ፣ በ2007፣ «ስፖንቴኒየስ ኮምባስሽን» በሚል ርዕስ ለብቻው ታትሟል። ሁለተኛው አልበም በጁን 1999 ሲወጣ ግን ሩደስ የድሪም ቲያትር አባል ከሆነ ወራት ተቆጥረው ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ጥሪውን ያልተቀበለው ሰው አሁን የተቀበለው፣ ባንዱም በኪቦርዱ ላይ የነበረውን ዴሪክ ሸሪኒያንን እስከ ማሰናበት የደረሰው፣ ሁለቱ ወገኖች በጎን ሥራው ላይ በደንብ ስለተዋወቁ ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ «ሲንስ ፍሮም ኤ ሜሞሪ» ወጣ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ የሚተርክ፣ ለሬዲዮ ምንም ያላጎነበሰ፣ ፖርትኖይና ፔትሩቺ ራሳቸው ፕሮዲውስ ያደረጉት አልበም ነው። የባንዱ አድናቂዎች ብዙዎቹ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚያስቀድሙት ይህንን ነው፤ እኔም እስማማለሁ። ሩደስ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ባንዱን ለቅቆ አያውቅም። በ2004 ቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ ውስጥ ባቀረቡት ኮንሰርት ላይ ድሪም ቲያትር የራሱን መሣሪያ ቀመስ ሥራዎች ሰብስቦ አንድ ላይ ሲጫወት «ፓራዳይም ሺፍት»ንና «ዩኒቨርሳል ማይንድ»ን አብሮ አስገብቷቸዋል። ሁለቱም የተወለዱት በዚያች የሚልብሩክ ሳምንት ነው።

ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው፤ ከአንድ ባንድ ታሪክ ደንብ አይወጣም የሚል ይኖራል። ይሁን። ግን የሚልብሩኩ አልበም በተቀረጸበት ዓመት፣ ያውም ሌቪን በሚጫወትበት ሌላ ባንድ ውስጥ፣ ተመሳሳይ ነገር ሆን ተብሎ ተሠርቷል። የኪንግ ክሪምሰን መሪ ሮበርት ፍሪፕ በ1997 ስድስት ሰው የነበረውን ባንዱን ይዞ ናሽቪል ውስጥ አዲስ ሥራ ሊያዘጋጅ ቢሞክርም ነገሩ አልገፋ አለ። ፍሪፕ ባንዱን አፍርሶ በመሄድ ፈንታ ሰዎቹን በትናንሽ ቡድኖች ከፋፍሎ «ፕሮጀክት» እያለ ቁጥር ሰጣቸው፤ ዓላማውንም በግልጽ ለዋናው ባንድ የሚደረግ ምርምር ብሎ አስቀመጠው። የመጀመሪያው ቡድን በዲሴምበር 1997 ለንደን ውስጥ ጃዝ ካፌ በተባለው ቤት ለአራት ሌሊት አስቀድሞ የተዘጋጀ አንዲትም ነገር ሳይኖር በቅጽበት እየፈጠረ ተጫወተ። ሌቪን ከሚልብሩክ ከወጣ ሦስት ወር ገደማ ነበር። እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸፈን የለበትም፤ ከምርምሩ በኋላ በ2000 በወጣው የኪንግ ክሪምሰን አልበም ላይ ሌቪን የለም፤ ድራመሩ ቢል ብሩፎርድም ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። የጎን ሥራ ሁሉንም ሰው አንድ ላይ ያቆያል አላልኩም። ማን ከማን ጋር መቀጠል እንዳለበት ያሳያል ነው ያልኩት፤ አንዳንዴ መልሱ መለያየት ይሆናል። ሌቪን እንኳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደዚያው ባንድ ተመልሶ ገብቷል።

ታዲያ አንጋፎች በተሰበሰቡበት ሁሉ መልካም ነገር ይወለዳል ማለት አይደለም፤ ልዩነቱን የሚያጎላው ደግሞ የገበያው ምሳሌ ነው። በ1981 ከኪንግ ክሪምሰን፣ ከየስ፣ ከኤመርሰን ሌክ ኤንድ ፓልመርና ከበግልስ የመጡት ጆን ዌተን፣ ስቲቭ ሃው፣ ካርል ፓልመርና ጄፍ ዳውንስ «ኤዢያ» የተባለውን ባንድ መሠረቱ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1982 ወጥቶ በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ከዚያስ? የተሸጠው ነገር እንዲደገም ተፈለገ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሁለተኛው አልበም የዚያን ያህል ሳይሄድ ሲቀር ባንዱ ይናጥ ጀመር፤ ሃውም ጥቂት ሳይቆይ ወጣ። ሃው ከጀነሲሱ ስቲቭ ሃኬት ጋር በ1985 የመሠረተው «ጂቲአር» ደግሞ አንድ አልበም ሸጦ ተበተነ። ኤዢያን አልንቅም፤ የዌተን ድምፅ ያለበት መልካም ዘፈን አለው። ግን እነዚያ ሰዎች ከአንድ ኩባንያ ግፊት ወጥተው ወደ ሌላ፣ ያውም ወደ በለጠ ግፊት ገቡ። ስሙ አዲስ ባንድ ቢሆንም ሸክሙ የድሮው ሆነ። የጎን ሥራን የሚጠቅመው አንጋፎች መሰብሰባቸው ብቻ ሳይሆን ማንም ብዙ የማይጠብቅባቸው መሆኑ ነው የምለው ለዚህ ነው። እኛም አገር የሚታወቅ ምሳሌ አለ። ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን የቀረጸው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ «ዘ ኤክስ» ከተባለ የኔዘርላንድስ የፓንክ ባንድ ጋር ነው። ሙላቱም በ2009 ከለንደኑ «ሄሊዮሴንትሪክስ» ጋር አልበም ሲያወጣ ስልሳ አምስት ዓመት አልፎት ነበር። ሁለቱም ከሚታወቁበት ቤት ወጥተው በዕድሜ ከሚያንሷቸው ሙዚቀኞች ጋር ተቀመጡ፤ ያገራቸውን ድምፅም አዲስ አድርገው አሰሙን።

በእንዲህ ዓይነቱ ሙዚቃ ላይ ከሚነሡት ወቀሳዎች ሁሉ የሚከብደው የራስ ወዳድነት ወቀሳ ነው። ችሎታ ማሳያ ነው፣ የጣት ሩጫ ነው፣ ለአድማጭ ምንም አይሰጥም ይባላል። ይህን ወቀሳ ከሥሩ መንቀል አይቻልም፤ ሙዚቀኞቹም አስቀድመው ያውቁት ነበር። የመጀመሪያው አልበም መዝጊያ «ስሪ ሚኒት ዎርኒንግ» ሃያ ስምንት ደቂቃ የሚወስድ፣ ያለ ምንም ዝግጅት የተጫወቱት ነው፤ በአልበሙ ላይም ትዕግሥት የሌለው አድማጭና እንዲህ ያለውን ራስን ማስደሰት የማይወድ ሰው ይቅርበት የሚል መልእክት የያዘ ማስጠንቀቂያ አትመውበታል። እኔ ራሴ ግማሹ ተቆርጦ ቢቀር ምንም አይጎድልም ባይ ነኝ። ነገር ግን ሁለት ነጥብ ልጨምር። አንደኛ፣ ያ ረጅም ጨዋታ ባይኖር አጫጭሮቹ አይኖሩም ነበር። ሰዎቹ ያለ ወረቀት እየተደማመጡ መሄድን የተማሩት እንደዚያ ነው፤ ሌላው ባንድ ይህን ቴፕ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል፣ እነሱ አሳተሙት፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ወቀሳው ሁልጊዜ ከፈጣኑ ክፍል ጀምሮ እዚያው ያበቃል። «ስቴት ኦፍ ግሬስ»ን ወይም የሁለተኛውን አልበም መዝጊያ «አወርግላስ»ን ሰምቶ የጣት ሩጫ ነው የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ሩደስና ፔትሩቺ በዚህ መንገድ የጀመሩትን የሁለት ሰው ጨዋታ በ2000 ኮንሰርት አድርገው ለብቻው እስከ ማሳተም ደርሰዋል። መሣሪያ ብቻ የሚሰማበት ሙዚቃ በክራርም ሆነ በዋሽንት ለለመደ ጆሮ ዘፋኝ የለበትም ተብሎ ባዶ ሊባል አይገባም።

ሁለተኛው ከባድ ወቀሳ ደግሞ ባንድ ያፈርሳል የሚለው ነው፤ ፖርትኖይን ለሚያውቅ ሰው ይህ ተራ ሐሜት አይደለም። ፖርትኖይ አንድ ቦታ የማይቀመጥ ሰው ነው። በ2000 ከኒል ሞርስ፣ ከሮይን ስቶልትና ከማሪሊየኑ ፒት ትረዋቫስ ጋር በ«ትራንስአትላንቲክ» የመጀመሪያውን አልበም አወጣ። በ2010 ድራመሩን በሞት ከተነጠቀው አቬንጅድ ሰቨንፎልድ ጋር ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት ለድሪም ቲያትር ጓዶቹ ለተወሰነ ጊዜ እንረፍ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ እነሱ ሳይቀበሉት ቀሩና በሴፕቴምበር ወር ሃያ አምስት ዓመት የቆየበትን ባንድ ለቀቀ። በቦታው ማይክ ማንጂኒ ገባ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የጎን ሥራው ልቡን ሰረቀው ብሎ መደምደም ይቀላል። ግን ፖርትኖይ የጠየቀው ዕረፍት ነበር። ያለማቋረጥ አልበም፣ ጉዞ፣ አልበም፣ ጉዞ ሲፈራረቅ የኖረ ባንድ መድከሙ አይቀርም፤ ድካሙን ያመጣው ዋናው ሥራ እንጂ በየመሐሉ የሚሠራው አይደለም። የጎን ሥራ ባይኖርም ያ ጠብ የሚቀር አይመስለኝም። ባይኖር የሚቀረው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የመመለሻው መንገድ። ድሪም ቲያትር ሌላ ድራመር ይዞ ይሠራ ነበር፤ ፖርትኖይም በብዙ ባንዶች ተጠምዶ ነበር፤ ተመለስ ወይም ልመለስ ብሎ በይፋ መጠየቅ ቀላል አልነበረም። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ኮንሰርቱን ሁሉ ሲዘጋ ግን የሁሉም ቀን ባዶ ሆነ። መጀመሪያ ፔትሩቺ «ተርሚናል ቬሎሲቲ» በተባለው የግል አልበሙ ላይ ከበሮውን እንዲመታለት ፖርትኖይን ጠራው፤ ለአሥር ዓመት ያህል አብረው አልቀረጹም ነበር። ቀጥሎ በዚያው ክረምት ሩደስና የ74 ዓመቱ ሌቪን ተጨመሩና አራቱም ሎንግ አይላንድ በሚገኘው የድሪም ቲያትር ስቱዲዮ ተሰበሰቡ። ከዋናው ባንድ የወጣ ሰው በጎን ሥራ በር በኩል ወደ ባንዱ ቤት ገባ ማለት ነው።

የዚያ ስብሰባ ፍሬ «ሊኩዊድ ቴንሽን ኤክስፔሪመንት 3» በኤፕሪል 2021 ወጣ። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ አልበሞች ከሁሉም የጠራውና የተስተካከለው ይህ ነው፤ የ1997ቱ ጥድፊያና ሻካራነት ግን ይጎድለዋል፤ እኔ ያንን ሻካራነት እመርጣለሁ። በ1924 ጆርጅ ገርሽዊን ለፒያኖና ለጃዝ ኦርኬስትራ የጻፈውን «ራፕሶዲ ኢን ብሉ»ን አሥራ ሦስት ደቂቃ ያህል አድርገው ተጫውተውታል፤ ይህን በ2008 አሥረኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ መድረክ ላይ ያቀርቡት ስለነበር አሥራ ሁለት ዓመት የቆየ ዕዳ ከፈሉ ማለት ይቻላል። ቁልፍ ሊባል የሚገባው ግን እንደገና የሁለቱ ሰዎች ጨዋታ ነው፤ «ሼድስ ኦፍ ሆፕ» ላይ ፔትሩቺና ሩደስ ካቆሙበት የቀጠሉ ይመስላል። ሌቪንና ፖርትኖይም ብቻቸውን የሚጫወቱበት አለ፤ ከበሮው ክፍተት ሲተው ባሱ የሚሞላበትን፣ ባሱ ሲሸሽ ከበሮው የሚጠብቅበትን መንገድ መስማት ብቻውን ለሙዚቃ ተማሪ ትምህርት ነው።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ፣ በኦክቶበር 2023፣ ድሪም ቲያትር ፖርትኖይ መመለሱን አስታወቀ። ይህን የምጠቅሰው ማንጂኒን ለማሳነስ አይደለም፤ ባንዱ በ2022 የግራሚ ሽልማት ያገኘው እሱ ከበሮውን በያዘበት ዘመን ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት በክብር አገልግሏል። የ2020ው የጎን ሥራ ብቻውን ፖርትኖይን መለሰው ብዬም አልምልም፤ ዕድሜ፣ የቤተሰብ መቀራረብና ወረርሽኙ ያመጣው ማሰላሰል ሁሉ ድርሻ ይኖራቸዋል። ግን አሥር ዓመት ያልተጫወቱ ሰዎች ያለ ውልና ያለ ጋዜጣዊ መግለጫ አብረው መሥራት መቻላቸውን ያረጋገጡት የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ነው። በ1999 ሩደስን ያመጣው በር በ2023 ፖርትኖይን መልሷል። ይህን ያየ አሳታሚ ሙዚቀኛው ለአንድ ወር ሌላ ቦታ ልሥራ ሲል ውሉን ገልጦ አንቀጽ ከመቁጠር ይልቅ ቢፈቅድለት ይጠቀማል፤ አድማጭም «ባንዱ ሊፈርስ ነው» ብሎ ከማዘኑ በፊት አልበሙን ቢሰማው መልካም ነው።

ይህን ሙዚቃ ከዚህ በፊት ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ በሃያ ስምንት ደቂቃው እንዳይጀምር እለምነዋለሁ። በመጀመሪያ «ስቴት ኦፍ ግሬስ»ን ይስማ፤ ቀጥሎ የሁለተኛውን አልበም መክፈቻ «አሲድ ሬይን»ን፤ ከዚያ በኋላ ጊዜ ሲኖረው «ዌን ዘ ዋተር ብሬክስ»ን፤ እሱ አሥራ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው፤ ርዕሱም ፔትሩቺ ስቱዲዮውን ጥሎ ወደ ወላድ ባለቤቱ የሮጠበትን ቀን ያስታውሳል። ከእነዚህ በኋላ «ሲንስ ፍሮም ኤ ሜሞሪ»ን ቢከፍት፣ የሩደስ ኪቦርድ በገባ ቁጥር ከየት እንደመጣ ያውቀዋል።